የአስተሪስክ መጽሐፍና የኦሎምፒያ ስልክ ማዞሪያ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ አስተሪስክ ስለሚባለው ሶፍትዌር የተጻፈ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ ከዩኒክስ ወገን በሆነ ሰርቨር ላይ ተጭኖ የስልክ ጥሪን በኔትወርክ የሚቀበል፣ የሚያስተላልፍና የሚያስተዳድር ነው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2005 «አስተሪስክ፦ የስልክ የወደፊት ዕጣ» በሚል ርእስ ወጣ፤ ሁለተኛው በ2007 ተከተለ፤ ከሦስተኛው እትም (2011) ጀምሮ ርእሱ ተለውጦ «አስተሪስክ፦ ዋናው መመሪያ» ተባለ፤ አምስተኛው በ2019 ታተመ። ጂም ቫን ሜገለንና ሊፍ ማድሰን ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ጃሬድ ስሚዝ በመጀመሪያዎቹ፣ ራስል ብራያንት በኋለኞቹ እትሞች ላይ ደክመውበታል። ደራሲዎቹ መጽሐፉ ያለ ክፍያ እንዲነበብ በመፍቀዳቸው፣ ስለ ድምፅ ሰርቨር ለማወቅ የሚነሣ ተማሪ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያገኘው ይኸንኑ ነው። ስለዚህም ሊመሰገኑ ይገባል። ሆኖም አንድን መጽሐፍ ብዙ ሰው የሚከተለው በሆነ ጊዜ፣ ወዴት እንደሚመራና የት ላይ እንደሚተወን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይኸን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን በኦሎምፒያ ያየነው ነገር ነው። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ፣ ከኦሎምፒያ እስከ ወሎ ሰፈር ባሉት ፎቆች ውስጥ የጉዞ ወኪሎች፣ ክሊኒኮች፣ ሆቴሎችና የንግድ ቢሮዎች ተደራርበው ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገን መሥሪያ ቤት፣ አሮጌውን የስልክ ማዞሪያ አንሥቶ አስተሪስክ የተጫነበት ኮምፒዩተር ካስገባ በኋላ ሰርቨሩን እንድናይለት ፈቀደልን። ሰርቨሩ ይሠራል። ይሁን እንጂ የተከለው ሰው ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል፤ የዋናውን ተጠቃሚ የይለፍ ቃል በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ ደዋዩን የሚቀበለው ድምፅ እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት የተተወን መልእክት የመልእክት ሣጥኑ በሦስት ሰዓት የተተወ አድርጎ ይናገራል። የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋ እንደ ነገሩን፣ ብዙው ደዋይ ማኪናው ንግግሩን ሳይጨርስ ስልኩን ይዘጋዋል። የተከለው ሰው መጽሐፉን አልተከተለም ይሆን ብለን የተጻፉትን ፋይሎች ብንመረምር፣ ምዕራፍ በምዕራፍ ተከትሎታል። ታዲያ ጉድለቱ የማን ነው?

አስቀድመን የመጽሐፉን መልካምነት እንናገር። አስተሪስክን እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ማርክ ስፔንሰር ነው፤ በዚያን ጊዜ በኦበርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ አንድ ትንሽ ድርጅት ሲያቋቁም፣ የስልክ ማዞሪያ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ራሱ ሊጽፈው ተነሣ። ሥራው አድጎ ዲጂየም የሚባል ኩባንያ ወጣው፤ እርሱንም በ2018 ሳንጎማ ገዛው። ዩኒክስ ራሱ በ1969 የተወለደው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ምርምር ቤት በነበረው በቤል ላቦራቶሪ ስለ ሆነ፣ ስልክን በዩኒክስ ላይ መትከል ልጁን ወደ አባቱ ቤት እንደ መመለስ ይቈጠራል። መጽሐፉ ይኸንን መንፈስ በሚገባ ያስተላልፋል። ይልቁንም ዳያልፕላን የሚባለውን፣ ማለት ለእያንዳንዱ ጥሪ ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚደረግበት የሚወስነውን የጥሪ መምሪያ የሚያስረዱት ምዕራፎች፣ በዚህ ሙያ ካነበብናቸው ሁሉ ግልጾቹ ናቸው። አንድ ተማሪ እነርሱን ብቻ ቢያነብ፣ የስልክ ማዞሪያ ማለት በመሠረቱ ከላይ ወደ ታች የሚነበብ የትእዛዝ ዝርዝር መሆኑን ይረዳል።

ወደ መጫኑ ስንመጣ፣ ሥራው የአንድ ረፋድ ነው። የፕሮግራሙን ምንጭ ማውረድ፣ መፍታት፣ ለኮምፒዩተሩ እንዲስማማ ማሰናዳት፣ ወደ ማኪና ቋንቋ መለወጥ፣ በቦታው ማኖር፤ ከዚያም «ሜክ ሳምፕልስ» በሚለው ትእዛዝ የምሳሌ ፋይሎችን መጻፍ። ነቀፌታችን የሚጀምረው ከዚህ ከመጨረሻው ነው። የምሳሌ ፋይሎቹ ለመማር የተጻፉ እንጂ ለመሥራት የተጻፉ አይደሉም፤ ብዛታቸውም ጀማሪውን ያስፈራዋል፤ ስለዚህ አይነካቸውም። በኦሎምፒያው ሰርቨር ላይ ማንም የማይጠቀምባቸው የምሳሌ ክፍሎች እንዳሉ ተቀምጠው አግኝተናል። ደግሞም ተካዩ ሌላ ካላዘዘ በቀር ፕሮግራሙ በዋናው ተጠቃሚ ሥልጣን ይሮጣል፤ ይኸውም በስልኩ በር የገባ ሌባ የቤቱን ሁሉ ቍልፍ አገኘ ማለት ነው። ዝቅተኛ ሥልጣን ያለው የራሱ ተጠቃሚ መፍጠር የሁለት መስመር ሥራ ሲሆን፣ በብዙ ቦታ ይዘለላል፤ ስልኩ ያለ እርሱም ይጮኻልና።

ሁለተኛው ነቀፌታ የእትሞቹን ዕድሜ ይመለከታል። የመጀመሪያዎቹ እትሞች ስልኮችን የሚያስመዘግቡት በአሮጌው የሲፕ ክፍል ነው። ይኸ ክፍል ፒጄሲፕ በሚባል አዲስ ክፍል መተካት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፣ በ2023 ከወጣው ከአስተሪስክ 21 ጀምሮ ጭራሹን ተወግዷል። አምስተኛው እትም አዲሱን ያስተምራል፤ ነገር ግን እርሱም ለመትከያ የመረጠው ሴንትኦኤስ 7 እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2024 ድጋፉ ተቋርጧል። ዛሬ አሮጌውን ቅጂ ይዞ አዲሱን ፕሮግራም የሚተክል ተማሪ፣ በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው ፋይሉን አስተካክሎ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ ግን ፋይሉን አያነበውም፤ ስሕተትም አይናገርም። ተማሪው ሌሊቱን ሙሉ የራሱን ጥፋት ሲፈልግ ያድራል። በነፃ የሚገኘው ቅጂ ብዙ ጊዜ የቆየው ስለ ሆነ፣ ይኸ ጉዳት የሚደርሰው ገንዘብ በሌለው ላይ ነው። መምህሮቻችን የማንበቢያ ዝርዝር ሲሰጡ የመጽሐፉን ስም ብቻ ሳይሆን የእትሙን ቍጥርና የሚስማማውን የፕሮግራም ቍጥር አብረው ቢጽፉ ብዙ ሌሊት ይድናል።

ሦስተኛው ነገር ሕግ ነው፤ ደራሲዎቹ ስለ እኛ አገር ሕግ ሊያውቁ አይገባቸውምና በዚህ አንነቅፋቸውም። ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1894 ከተጀመረ ወዲህ፣ ስልክ በአገራችን ረዥም ዘመን የመንግሥት ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ዐዋጅ ቍጥር 281/1994 በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍንና ፋክስ መላክን ከለከለ፤ በቴሌኮም ማጭበርበር ላይ የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 761/2004 ደግሞ በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ደነገገ። ኋላ ዐዋጅ ቍጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ገበያውም ለሌሎች ተከፍቶ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል መደወልና ከውጭ አገር በኢንተርኔት የመጣን ጥሪ ወደ ሕዝብ የስልክ መስመር ማስገባት በሕግ ፊት እጅግ የተራራቁ ነገሮች ናቸው፤ በአስተሪስክ ፊት ግን ልዩነታቸው የአንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ከውጭ መስመር ጋር ስለ መገናኘት የሚናገረውን ምዕራፍ የሚያነብ ሰው፣ ትእዛዙን ከመጻፉ በፊት ባለሥልጣኑንና የመስመሩን ባለቤት መጠየቅ አለበት። ይኸን የሚነግረው መጽሐፍ በእጁ የለም።

ስለ ጥበቃ የሚናገረው ምዕራፍ የተቀመጠው ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ገደማ ነው። የምዕራፍ ቅደም ተከተል ለደራሲ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለጀማሪ ግን ቅደም ተከተል ማለት የአስፈላጊነት ደረጃ ማለት ነው። የሲፕ መደበኛ በር 5060 ነው፤ ይኸ በር ለኢንተርኔት በተከፈተ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ ከዓለም ዙሪያ ቍጥርና የይለፍ ቃል እየገመቱ የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች ይመጣሉ። የውስጥ ስልኩ ቍጥር 101 ሆኖ የይለፍ ቃሉም 101 ከሆነ፣ ሌባው ገብቶ ሌሊቱን ሁሉ ወደ ሩቅ አገር ውድ ቍጥሮች ይደውላል፤ ባለቤቱም የሚያውቀው የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ነው። አሮጌው የሲፕ ክፍል ያልተመዘገበን እንግዳ እንኳ ሳይከለክል የሚቀበል ነበር። መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም፦ ረዥም የይለፍ ቃል፣ ለማይታወቅ አድራሻ የተዘጋ ፋየርዎል፣ ደጋግሞ የሚሳሳትን አድራሻ የሚያግድ ፕሮግራም፤ ከሁሉ በላይ ግን በጥሪ መምሪያው ውስጥ የውጭ አገር ጥሪ የሚፈቀድበትን ክፍል ከሌላው መለየት። ይኸ የመጨረሻው የዳያልፕላን ትምህርት አካል እንጂ የተለየ ትምህርት አይደለም፤ መጽሐፉ ዳያልፕላንን ባስተማረበት በዚያው ቦታ ቢያጠብቀው ኖሮ፣ አንባቢው መቆለፍን ከመክፈት ጋር አንድ ላይ በተማረው ነበር።

አሁን ብዙ ወደ ደከምንበት ወደ ቋንቋው እንምጣ። ከሦስተኛው እትም ጀምሮ ለሌሎች አገሮች ልማድ የተሰጠ አንድ ምዕራፍ አለ፤ ስለ ዐማርኛ ግን ምንም አይልም። ከፕሮግራሙ ጋር በይፋ በሚሰጡት የድምፅ ቅጂዎች ውስጥም እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ እስፓንኛ፣ ጣልያንኛ፣ ሩስኛ፣ ጃፓንኛ፣ ስዊድንኛ ሲገኙ፣ ዐማርኛ አይገኝም። ስለዚህ ዐማርኛ ለማናገር የሚፈልግ ሰው ድምፁን ራሱ መቅረጽ አለበት።

እኛ አስቀድመን የፈራነው ቍጥርን ነበር። ፕሮግራሙ የማያውቀው ቋንቋ ሲገጥመው ቍጥሩን በእንግሊዝኛ ሥርዓት ያነባል፤ ይኸ ለብዙ ቋንቋ መከራ ነው። በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ ስንሞክረው ግን ዐማርኛ በዚህ አልተቸገረም። 235 የሚለውን «ሁለት፣ መቶ፣ ሠላሳ፣ አምስት» ብሎ ቢያቀርብ፣ የእኛም አነጋገር ይኸው ነው። ከዜሮ እስከ አሥራ ዘጠኝ ያሉት ሃያ ድምፆች፣ ከሃያ እስከ ዘጠና ያሉት ስምንት፣ መቶ፣ ሺህና ሚሊዮን ተጨምረው በጠቅላላው 31 ድምፆች መቅረጽ ይበቃል። በመርሕ ደረጃ «አሥራ» የሚለውን ለብቻው ቀርጾ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ጋር ማጣመር ይቻል ነበር፤ 23 ድምፆችም በበቁ ነበር። ይሁን እንጂ «አሥራ»ና «አንድ» በአፍ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል፤ ለየብቻ ተቀርጸው ሲጣመሩ ፊደል እንደሚቈጥር ሕፃን ይሆናሉ። በዚህ ረገድ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ ያሉትን እያንዳንዳቸውን ሙሉ የሚፈልገው የእንግሊዝኛው ሥርዓት ሳያስበው ጠቅሞናል።

ያልፈራነው ነገር ግን አሰናከለን፤ እርሱም የግሥ ቦታ ነው። የመልእክት ሣጥኑ ባለቤቱን ሲቀበል በእንግሊዝኛ ቅደም ተከተል «አለዎት» ብሎ ይጀምርና «አምስት»፣ «አዲስ»፣ «መልእክቶች» እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱን ቃል ወደ ዐማርኛ መልሶ መቅረጽ «አለዎት አምስት አዲስ መልእክቶች» የሚል፣ ማንም ኢትዮጵያዊ የማይናገረውን ዓረፍተ ነገር ያወጣል። የቃሉ ቅደም ተከተል በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ የድምፅ ፋይል በመለወጥ ብቻ አይስተካከልም። ፕሮግራሙን ማረም የሚችል ያርመው፤ ለማይችል ግን ቃል በቃል ከመከተል ይልቅ የመጀመሪያውን ድምፅ «ሣጥንዎ የያዘው» ብሎ፣ ግሥ ሳያስገቡ መቅረጽ ይሻላል፤ «ሣጥንዎ የያዘው፦ አምስት አዲስ መልእክቶች» ቢባል ጆሮ ይቀበለዋል። ትእዛዝ ሲሰጥም «ይጫኑ»፣ «ይጠብቁ» በሚለው በአክብሮት አነጋገር መቅረጽ ይበጃል፤ ማኪናው ደዋዩ ወንድ ይሁን ሴት አያውቅምና፣ የአክብሮቱ ቃል ጨዋነቱንም ችግሩንም በአንድ ጊዜ ይፈጽማል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ አንድ የዐማርኛ ድምፅ ከጐደለ ፕሮግራሙ ዝም አይልም፤ የእንግሊዝኛውን ይተካበታል። ግማሹን ቀርጾ ሥራ የሚያስጀምር ሰው ሁለት ቋንቋ እያፈራረቀ የሚናገር ማዞሪያ ይኖረዋል።

የሰዓቱ ነገር ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። ሰርቨሩ የሚያውቀው ሰዓት ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት የሚቀድመውን የአዲስ አበባን ሰዓት ነው፤ በዩኒክስ የሰዓት መዝገብ ውስጥም አዲስ አበባ ለናይሮቢ የተሰጠ ሌላ ስም ብቻ ናት። ቀኑን ከንጋት የሚጀምረው የእኛ አቈጣጠር በዚህ መዝገብ ውስጥ የለም። ነገር ግን የእኛ ሰዓት ከሰርቨሩ ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለ ሆነ፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ማለት ነው፤ ይኸውም የቦነስ አይረስ ሰዓት ነው። የመልእክት ሣጥኑ ለሚናገረው ሰዓት የቦነስ አይረስን አቈጣጠር ብንሰጠው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የተተወውን መልእክት ዘጠኝ ይለዋል፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት የተተወውን ሦስት ይለዋል። ከዚህም ይልቅ የሚያስደስተው፣ እንግሊዝኛው ከእኩለ ቀን በፊትና በኋላ የሚላቸው ሁለት ምልክቶች በዚህ አቈጣጠር ላይ ልክ ቀንና ሌሊት ሆነው መገኘታቸው ነው፤ አንዱን «ከቀኑ» ሁለተኛውን «ከሌሊቱ» ብሎ መቅረጽና ከሰዓቱ በፊት ማስቀደም ይበቃል። ምሽትን ከሌሊት መለየት አይችልም፤ ለረቡዕ አጥቢያ በስምንት ሰዓት የተተወውንም «ማክሰኞ» ይለዋል፤ ይኸ የሚጎዳው ሰው ያለ አይመስለንም። አገሮች የሰዓት ሕጋቸውን ስለሚለውጡ፣ ከከተማ ስም ይልቅ ቋሚውን የሦስት ሰዓት ልዩነት መምረጥ ይሻላል፤ በዩኒክስ ግን የዚህ ቋሚ ስም ምልክት የተገለበጠ ነው፤ «ሲደመር ሦስት» የሚለው ወደ ኋላ የሚቈጥረው ነው። ዋናውን የሰርቨር ሰዓት ለዚህ ሲሉ መንካት ግን ከባድ ጥፋት ነው። የጥሪው መዝገብና የስሕተቱ መዝገብ ከሌሎች ኮምፒዩተሮች ጋር አይመሳከሩም፤ ሌባ የገባበትን ሰዓት ለማወቅም አይቻልም። ሊለወጥ የሚገባው አንደበቱ ብቻ ነው።

ወሩን በሚመለከት ጳጉሜን የማያውቅ ማኪና ጋር አንሟገትም፤ የዕለቱን ስምና ሰዓቱን ብቻ እንዲናገር አድርጎ ወሩን መተው ይቻላል። ለሥራ ሰዓትና ለበዓል የሚጻፈው ሕግ ግን ሊተው አይችልም። መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ጥሪውን ወደ መልእክት ሣጥን የሚመራው መስመር የሚጻፈው በአውሮፓ ወርና ቀን ነው። ገና በጃንዋሪ 7 ይጸናል፤ እንቍጣጣሽ ግን በሴፕቴምበር 11 ተጽፎ እንደ ሆነ፣ በ2016 ዓ.ም. በሴፕቴምበር 12 ስለ ዋለ ማዞሪያው በበዓሉ ዕለት ደዋዩን ወደ ባዶ ቢሮ መርቶታል ማለት ነው። በ2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ በ12 ይውላል። ፋሲካና የእስልምና በዓላት በየዓመቱ ይዘዋወራሉ። ስለዚህ የበዓሉ ዝርዝር በጥሪ መምሪያው ውስጥ ተበታትኖ ሳይሆን ለብቻው በአንድ ፋይል ተጽፎ፣ በየዓመቱ በጳጉሜን የሚያድሰው ሰው በስም መመደብ አለበት።

ስለ ኔትወርኩ ጥቂት እንበል፤ እዚህ ላይ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። በጂ.711 የሚላክ ድምፅ በየ20 ሚሊሰከንዱ በ160 ባይት ይቈረጣል፤ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 40 ባይት አድራሻ ይታከላል፤ በሰከንድ 50 ፓኬት ስለ ሆነ አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ 80 ኪሎቢት ይፈልጋል። ዐሥር ሰው አንድ ጊዜ ሲናገር 800 ኪሎቢት ማለት ነው። በጂ.729 ቢሆን 24 ኪሎቢት ይበቃል፤ ግን ከተላከው ከሦስት እጅ ሁለቱ አድራሻ እንጂ ድምፅ አይደለም። የቢሮው ሠራተኞች በዚያው መስመር ላይ ፊልም ሲያዩ ድምፁ የሚቈራረጠው መስመሩ ጠቦ ብቻ ሳይሆን፣ ፓኬቶቹ ተራ እየጠበቁ ስለሚዘገዩ ነው፤ ለድምፅ ቅድሚያ የሚሰጥ ሕግ በራውተሩ ላይ ካልተጻፈ ሰርቨሩ ምንም ሊያደርግ አይችልም። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአንድ አቅጣጫ የሚመክረው መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በተዘረጋው በወረዳኔት ላይ ድምፅና ምስል ወደ ሩቅ ወረዳዎች በሳተላይት ይላክ ነበር፤ ሳተላይቱ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ወጥቶ ለመውረድ ብቻ 240 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ይኸንን ማንም አስተዳዳሪ ማሳጠር አይችልም፤ አስተዳዳሪው ሊያደርግ የሚችለው ተናጋሪዎቹ ተራ ጠብቀው እንዲናገሩ መንገር ነው። በኦሎምፒያ ግን ርቀት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ ቀደም ብለን ያነሣነውን ጥያቄ፣ ጉድለቱ የማን ነው የሚለውን እንመልስ። መጽሐፉ ደጋግሞ የሚያስበው ዛሬ ስለሚተክል ሰው ነው፤ ነገ ጧት ስለሚመጣው ሰው የሚያስበው ከዚያ በጥቂቱ ነው። ስለ ክትትልና ስለ መዝገብ የሚናገር ምዕራፍ አለው፤ እርሱም እንደ ጥበቃው ወደ መጨረሻው ተገፍቷል። ነገር ግን በእኛው ኮሌጆች ላቦራቶሪ የሚሰጠው ትምህርትም የተለየ አይደለም፦ ሁለት ስልኮች ሲደዋወሉ ተማሪው ነጥቡን ያገኛል፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ይጠፋል። የተከለውን ሰርቨር አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ እንዲያስተዳድር፣ በየማለዳው የተመዘገቡትን ስልኮች እንዲያይ፣ ሌሊት የተደረጉትን ጥሪዎች እንዲቈጥር፣ ዲስኩ ምን ያህል እንደ ሞላ እንዲመዘግብ፣ መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመጣ ምን እንደ ተበላሸ እንዲመረምር የታዘዘ ተማሪ አላየንም። የኦሎምፒያው ተካይ የተማረውን በሚገባ ሠርቷል። ከፈተናው በኋላ ያለው ሥራ አልተነገረውም። የቅንብሩን ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ ማኖርና የይለፍ ቃሉን በታሸገ ፖስታ ለኀላፊው ማስረከብ በየትኛውም ፈተና ላይ ነጥብ የሚያሰጥ ነገር አይደለም፤ ሊያሰጥ ይገባ ነበር እንላለን።

መጽሐፉን ወደ ዐማርኛ መተርጐም እንደሚያስፈልግ የሚከራከሩ ጓደኞች አሉን። እኛ አንስማማም። ትርጕሙ ሲያልቅ እትሙ ያረጃል፤ ትእዛዞቹም ለማንኛውም አይተረጐሙም። የሚያስፈልገው ከሃያ ገጽ የማይበልጥ ተጨማሪ ነው፤ በውስጡም የሰዓቱ አቀራረብ፣ የበዓሉ ፋይል፣ ከውጭ መስመር በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ነገርና የርክክብ ቅጽ ይግቡበት፤ ከእርሱም ጋር 31ዱ የቍጥር ድምፆችና ሌሎቹ ቅጂዎች ማንም እንዲጠቀምባቸው ተፈቅዶ ይሰጡ። በዚህ መጽሔት የሚጽፉ የቋንቋና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች ተባብረው ሊፈጽሙት ይችላሉ።

ለእነርሱ የምንተወው አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። ፕሮግራሙ የስልክ ቍጥርን አኀዝ በአኀዝ ያነባል፤ እኛ ግን ጥንድ ጥንድ አድርገን እንናገራለን፤ «ዜሮ ዘጠኝ አሥራ አንድ» ካልን በኋላ የቀረውን ሁለት ሁለት እያደረግን። በጥሪ መምሪያው ውስጥ ቍጥሩን ቈርጦ ጥንዱን እንደ ሙሉ ቍጥር ማስነበብ ይቻላል፤ ሞክረነዋል፤ ይሠራል። ጥንዱ በዜሮ ሲጀምር ግን ማኪናው 05ን «አምስት» ብሎ ብቻ ያልፈዋል፤ ሰሚውም አንድ አኀዝ ይጐድልበታል። በዜሮ የሚጀምሩትን ለይቶ «ዜሮ አምስት» የሚያሰኝ ሁለተኛ ሕግ ያስፈልጋል፤ «ዜሮ ዜሮ» ሲገጥምም ሰዎች «ሁለት ዜሮ» ስለሚሉ ሦስተኛ ሕግ ሳያስፈልግ አይቀርም።